ስለ አይፈለጌ መልእክት፤ ወንፊትም ተመልካች ያስፈልገዋል

በር ያለው ቤት ሁሉ በረኛ ያስፈልገዋል። በረኛውም ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፤ አንደኛው መግባት የማይገባውን ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው መግባት የሚገባውን መመለስ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ፈጥኖ ይገለጣል፤ የገባው አታላይ በቤቱ ውስጥ ተገኝቶ ይያዛልና። ሁለተኛው ግን ተሰውሮ ይቀራል፤ ከደጅ የተመለሰው እውነተኛ ባለጕዳይ አዝኖ ወደ አገሩ ይሄዳል እንጂ ባለቤቱ በእልፍኙ ተቀምጦ የዚያን ሰው መምጣትም መመለስም አያውቅምና። ስለዚህ በረኛ ሲመሰገን ዘወትር የሚቈጠርለት የመለሰው አታላይ ነው፤ ስንት እውነተኛ ሰው እንደ መለሰ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ወደ ቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ከሚመጣው ደብዳቤ ብዙው የሚደርሰው በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር፣ ማለት በኢሜይል ነው። በዚህም በር ላይ የቆመው በረኛ ሰው አይደለም፤ የመጣውን መልእክት ሁሉ መርምሮ መልካሙን ወደ መዝገቡ፣ መጥፎውን ወደ ጕድፍ ማከማቻው የሚለይ የኮምፒዩተር ማጣሪያ ነው። ይህ ማጣሪያ እጅግ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ሥራው እንዴት እንደ ሆነ፣ ስሕተቱስ በማን ላይ እንደሚወድቅ መመርመር የተገባ ነው። የውጭ አገሩ ነገር ዘመኑ በፈረንጆች አቈጣጠር፣ የኢትዮጵያው በራሷ አቈጣጠር ተጽፎአል።

የነገሩ ሥር ዋጋ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ፖስታ ሲቋቋም ደብዳቤ የሚልክ ሰው ቴምብር መግዛት ግዴታው ሆነ። ቴምብሩ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ቢሆንም ቅሉ ማንም ሳያስበው ሌላ ጥቅም ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው ዕቃውን ለማስታወቅ ለመቶ ሺህ ሰው ደብዳቤ ልላክ ቢል የወረቀቱና የቴምብሩ ወጪ አሳቡን ያስተወው ነበር። እንዲህ ሆኖ ቴምብር ራሱ ወንፊት ነበር። በኢሜይል ግን ለአንድ ሰው በመላክና ለአንድ ሚሊዮን ሰው በመላክ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ወጪው ከላኪው ትከሻ ወርዶ በተቀባዩ ላይ ወድቆአል፤ ተቀባዩ ጊዜውን አጥፍቶ ማንበብ፣ መለየት፣ መጣል አለበትና። ከሚሊዮኑ ሰው መካከል ጥቂቶች ብቻ ቢታለሉለት ላኪው አትራፊ ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው በ1978 በሜይ ወር የተደረገው ነገር ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ጌሪ ቱርክ፣ ኩባንያው አዲስ ያወጣቸውን ኮምፒዩተሮች ለማስታወቅ አርፓኔት በሚባለው የዚያ ዘመን መረብ 400 ለሚያህሉ ሰዎች አንድ ዓይነት መልእክት በአንድ ጊዜ ላከ። መረቡ ለምርምርና ለመንግሥት ሥራ የተዘረጋ ስለ ነበረ ብዙዎች ተቈጡ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ከእርሱ በኋላ የመጡት በአራት መቶ ሰው የሚረኩ አልሆኑም። በ1994 በአፕሪል ወር ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የሚባሉ ባልና ሚስት የሕግ ጠበቆች፣ ዩዝኔት በሚባለው መረብ ላይ ከአምስት ሺህ በሚበልጡ የመወያያ ሰሌዳዎች አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። ስለ አትክልት የሚነጋገረውም፣ ስለ ሒሳብ የሚመራመረውም፣ ስለ ሙዚቃ የሚጽፈውም ሁሉ ያንኑ ማስታወቂያ አገኘ። ከጠበቆቹ አንዱ ካንተር ከሦስት ዓመት በኋላ በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን የተነጠቀው ከሌሎች ጥፋቶቹ ጋር በዚሁ ሥራው ምክንያት ነበር።

የዚያ ማስታወቂያ ነገር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ጠበቆቹ ያስታወቁት በልማድ ዲቪ ስለሚባለው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ነበርና፤ በዚያን ጊዜ ማንኛውም ሰው ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ያለ ክፍያ ሊልከው ለሚችለው ነገር ገንዘብ ተቀብለን እንረዳለን ይሉ ነበር። ከዚያም ወዲህ በብዙ ዓመታት ውስጥ ዕጣ ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ዶላር ላክ የሚል ሐሰተኛ ደብዳቤ ተስፋ በሚያደርጉ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ኖሮአል። የአሜሪካ የውጭ ጕዳይ መሥሪያ ቤት መመረጣቸውን ለዕድለኞች በኢሜይል እንደማያስታውቅ ደጋግሞ አስጠንቅቆአል። የማይፈለግ መልእክት ማሰልቸት ብቻ ሳይሆን የድኻ ጥሪት መንጠቂያም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን መልእክት ስፓም ይሉታል። ስፓም በ1937 የወጣ የቆርቆሮ ሥጋ ስም ነው። በ1970 የእንግሊዝ ቀልደኞች በቴሌቪዥን ባሳዩት ጨዋታ ይህ ስም እየተደጋገመ የሌላውን ሰው ንግግር ሁሉ እስኪውጥ ድረስ ይጮኽ ነበርና፣ በመረቡ የሚነጋገሩ ሰዎች ስሙን ከዚያ ወሰዱት። በአማርኛ ደግሞ አይፈለጌ መልእክት ተብሎአል። ስለዚህ ቃል ወደ ታች የሚነገር አለ።

መጀመሪያ የተሠሩት ወንፊቶች የቃል ዝርዝር ይዘው የሚሠሩ ነበሩ። ነውር ወይም ማታለያ የሆኑ ቃላት ይጻፋሉ፤ ከነዚህ አንዱ የተገኘበት መልእክት ይጣላል። ይህ ዘዴ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ጭፍን ነው። በ1996 አሜሪካ ኦንላይን የሚባለው ኩባንያ ነውረኛ ቃል እንዳይገባ ባደረገው እገዳ፣ በእንግሊዝ አገር ስከንቶርፕ የምትባለው ከተማ ነዋሪዎች የከተማቸውን ስም ጽፈው መመዝገብ ተሳናቸው። ምክንያቱም በከተማዪቱ ስም መካከል ያሉት ፊደሎች ብቻቸውን ቢነበቡ የስድብ ቃል ይሆናሉ። የከተማዪቱ ሰዎች ምንም አላጠፉም፤ መሣሪያው ፊደል ለየ እንጂ ነገር አላስተዋለም።

ከዚህ የተሻለው ዘዴ የተገኘው ደግሞ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ትምህርት ነው። ቶማስ ቤይስ በእንግሊዝ አገር በተንብሪጅ ዌልስ ከተማ ሰባኪ የነበረና የሒሳብን ትምህርት አብሮ የሚመረምር ሰው ነበር። በ1761 ከሞተ በኋላ፣ እርሱም ሰባኪ የነበረው ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ በወረቀቶቹ መካከል አንድ ጽሑፍ አግኝቶ በ1763 እንዲታተም አደረገ። የጽሑፉ አሳብ በአጭሩ፣ ሰው ስላላየው ምክንያት ካየው ምልክት ተነሥቶ እንዴት ሊገምት እንደሚገባው፣ አዲስም ምልክት በተገኘ ቍጥር ግምቱን እንዴት ሊያሻሽል እንደሚገባው የሚያሳይ ነው።

ይህም ትምህርት ለደብዳቤ ማጣሪያ የዋለው እንዲህ ነው። ሁለት ክምር ይዘጋጃል፤ አንዱ የመልካም ደብዳቤ፣ ሁለተኛው የአይፈለጌው። ለምሳሌ «ሽልማት» የሚለው ቃል ከአንድ ሺህ አይፈለጌ ደብዳቤዎች በመቶው፣ ከአንድ ሺህ መልካም ደብዳቤዎች በአምስቱ ቢገኝ፣ ቃሉ ወደ መጥፎው ወገን ሃያ እጥፍ ያዘነብላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ምስክር ብቻ ነው። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቍጥርና ባለጕዳዮች ዘወትር የሚጽፉት ቃል ቢገኝ እነዚህ ደግሞ ወደ መልካሙ ወገን ይመሰክራሉ። ማጣሪያው የምስክሮቹን ሁሉ ቃል አንድ ላይ መዝኖ ይፈርዳል። በአንድ ምስክር ከመፍረድና ብዙ ምስክር ሰምቶ ከመፍረድ የትኛው እንደሚሻል ዳኝነት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1998 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በጽሑፍ አቀረቡት፤ በ2002 ደግሞ ፖል ግራሃም የሚባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ከየክምሩ አራት አራት ሺህ የሚያህል ደብዳቤ ይዞ የሠራውን ማጣሪያ ለሰው ሁሉ ገለጠ። በግራሃም ሥራ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እርሱ በመልካሙ ክምር የተገኘውን የእያንዳንዱን ቃል ቍጥር እጥፍ አድርጎ ይቈጥር ነበር። ይህን ያደረገው ሒሳቡ አስገድዶት አይደለም፤ አንድ መልካም ደብዳቤ መጣል ብዙ መጥፎ ደብዳቤ ከማሳለፍ የከፋ ጥፋት መሆኑን ስላመነ ሚዛኑን ሆን ብሎ ወደ ምሕረት አዘነበለው እንጂ። ከዚህ እንደሚታየው ማጣሪያ ሲሠራ የሚወሰነው የሒሳብ ነገር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ስሕተት እንደሚከፋ አስቀድሞ የሚፈርደው ሰው ነው።

አታላዮችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ በፊደል ቦታ ቍጥር እየተኩ ጻፉ፤ አንዳንዶቹ ማጣሪያው እንዳያነበው ጽሑፉን በሥዕል አድርገው ላኩ፤ ሌሎቹም የማታለያውን ቃል በብዙ መልካም ቃላት መካከል ሸሸጉት። ስለዚህ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ ዘወትር አዲስ ትምህርት ይፈልጋል።

በአማርኛ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ያለው ልዩ ልዩ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ቢጽፍ መሣሪያው ሦስት ቃል ይቈጥራል፤ የአንዱም ቃል ምስክርነት ለሦስት ተከፍሎ ይደክማል። ደግሞም «ሽልማት»፣ «ለሽልማቱ»፣ «ከሽልማታችሁ» የሚሉት በአንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ሲሆኑ ሰዋስው ያልተማረ መሣሪያ እንደ ባዕድ ይለያቸዋል። ማጣሪያዎች የሚማሩበት የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። መሣሪያው ለቈጠራው ሲል ብቻ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ ቢያይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የደብዳቤውን ጽሑፍ ራሱን መለወጥ አይገባውም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌብነት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ያውቃሉና፣ አንድ ፊደል ለውጦ ምስጋናውን ነቀፌታ ማድረግ ይቻላል።

እንግዲህ ስሕተቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይታይ። ከሩቅ ወረዳ የጡረታ አበሉ የተቋረጠበት ሽማግሌ በልጁ እጅ አስጽፎ አቤቱታውን በኢሜይል ይልካል እንበል። ልጁ የኢሜይል አድራሻውን የከፈተው በዚያው ቀን ነው፤ ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስለ ገንዘብ ይናገራል፤ የባንክ ሒሳብ ቍጥር ተጽፎበታል፤ ፎቶግራፍም ተያይዞበታል። እነዚህ ሁሉ አታላዮች ዘወትር የሚያሳዩት ምልክት ስለ ሆኑ ማጣሪያው ደብዳቤውን ወደ ጕድፍ ማከማቻው ይጥለዋል። በሹሙ ዘንድ አቤቱታ አልመጣም፤ ስለዚህ ሹሙ ቸል ያለ አይመስለውም። በሽማግሌው ዘንድ ግን አቤቱታው ደርሶአል፤ ስለዚህ መንግሥት ዝም አለኝ ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፤ በመካከላቸው ያለው መሣሪያ ግን ቅያሜ አቁሞአል። ጂሜይል በሚባለው በብዙ ሰው ዘንድ በታወቀው አገልግሎት ወደ ጕድፍ ማከማቻ የገባ መልእክት ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ካልተመለከተው የሽማግሌው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይሆናል።

የአታላዮችን መሣሪያ ለመከልከል የተሠራው ሌላው ዘዴም እንዲሁ ንጹሑን ሰው ይጐዳል። ይኸውም ካፕቻ የሚባለው፣ ጠማማ ሆነው የተሣሉ ፊደሎችን አንብበህ ጻፍ እያለ ሰውን ከመሣሪያ የሚለይ ፈተና ነው። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ኮምፒዩተር ይዞ ሥራውን ሲሠራ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ፊደሉ የተሣለው መሣሪያ እንዳያነበው ተብሎ ነውና። በድምፅ የሚሰጥ ፈተና ቢጨመርም ከጫጫታ መካከል የባዕድ አገር ቃል ለይቶ መስማት ለብዙው ሰው የማይቻል ነው። ፈተናው ሰው አይደለህም ብሎ የመለሰው እውነተኛ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ማጣሪያው ይቅር ማለት አይደለም። ምንጩን ማድረቅም ይገባል። በኖቬምበር 2008 ብዙ አይፈለጌ መልእክት የሚያሰራጩ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ከተማ የነበረው ማክኮሎ የሚባለው ድርጅት ከኢንተርኔት ሲቈረጥ የዓለሙ አይፈለጌ መልእክት ወዲያው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ነገር ግን ወራት ሳያልፉ ሰዎቹ ሌላ መጠለያ አግኝተው ብዛቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ ሕግም፣ ወንፊትም፣ የሰው ትጋትም አንድ ላይ ያስፈልጋሉ።

ኢትዮጵያም በራሷ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጣችው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቍጥር 958፣ አይፈለጌ መልእክት ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጋዋለች። የአዋጁ አነጋገር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ሕጉ የሚከለክለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ታስቦ፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሰራጨውን መልእክት ነው፤ ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን በትክክል የገለጠበትን፣ ተቀባዩም ከእንግዲህ አይምጣብኝ የሚልበት ቀላል መንገድ ያለበትን መልእክት ከቅጣቱ ያወጣዋል። የመልእክቱ አሳብ መክበዱ ወይም መምረሩ በሕጉ ዘንድ ምልክት አይደለም።

አይፈለጌ የሚለው ቃል አደጋም ያለበት በዚህ ነው። የማይፈልገው ማን ነው? የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላልና። ጆሮ የማይፈልገው ነገርና ለማንም የማይጠቅም ነገር አንድ አይደሉም። ስለ ጕቦ የሚከስስ ደብዳቤ፣ ስለ ፍርድ መዘግየት የሚያማርር ደብዳቤ፣ የአንድ ደብር ምእመናን ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚጠይቁት ደብዳቤ፣ ለተቀባዩ ደስ የማያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ አይፈለጌ መልእክት ግን አይደለም። ጸሐፊው ደስ የማያሰኘውን ሁሉ አይፈለጌ ነው እያለ ምልክት ቢያደርግበት መሣሪያው ከእርሱ ይማራል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ አቤቱታ የሚለውን ቃል ራሱን የማታለያ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ በሩ የተዘጋው በአታላይ ላይ ሳይሆን በፍትሕ ላይ ነው፤ የዘጋውም ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሁሉ በመሣሪያው ያመካኛልና።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አስቀድሞ፣ ማጣሪያው የሚለይ እንጂ የሚያጠፋ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት አንድ የታወቀ ጸሐፊ የጕድፍ ማከማቻውን በየቀኑ ከፍቶ እንዲመለከት፣ በስሕተት የተጣለውንም ወደ መዝገብ እንዲመልስና ቍጥሩን እንዲጽፍ ይገባል። ቍጥሩ ከተጻፈ በረኛው ስንት እውነተኛ ሰው እንደ መለሰ ይታወቃል፤ የማይታየውም ስሕተት የሚታይ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ደብዳቤው ለተቀበሉት ሰው መድረሱን የሚያስታውቅ አጭር መልስ በአማርኛ፣ እንደ አገሩም በሌላው ቋንቋ ቢላክለት፣ መልስ ያላገኘው ሰው ደብዳቤው መንገድ ላይ መቅረቱን ያውቃል፤ በእግሩም ሆነ በስልክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አራተኛ፣ ፈተና በሚሰጥበት በር ዓይነ ስውሩ የሚገባበት ሌላ በር ይከፈት። አምስተኛ፣ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶችና የኮምፒዩተር ሊቃውንት ከቋንቋ መምህራን ጋር ሁነው የሰውን ምስጢር ሳይገልጡ ማጣሪያውን በአማርኛና በሌሎቹም የአገሪቱ ቋንቋዎች ቢያስተምሩት ስሕተቱ ይቀንሳል።

በወንጌል ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ባሪያዎቹ እንክርዳዱን ፈጥነው ለመንቀል ተነሥተው ሳለ የእርሻው ጌታ የከለከላቸው እንክርዳድ ስለሚወድ አልነበረም፤ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ስለሚጠነቀቅ ነበር። ወንፊት የያዘም ሰው እንዲሁ ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን የተጣለውንም ዘወር ብሎ መመልከት አለበት። አንድ መቶ አታላይ መመለሱ የሚያስመሰግነው፣ የተመለሰው አንድ መቶ አንደኛው ሰው እውነተኛ አለመሆኑን ያረጋገጠ እንደ ሆነ ነው።